ክፉ ቀንን በአስተውሎትና በርኅራኄ ማለፍ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ «እንዴት ናችሁ?» ለሚል ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ቤት ውስጥ ምንም ይሁን ምን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የሚናገር ጥቂት ነው። ከ2013 ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ያልተነገረው በዝቷል። ጦርነቱ፣ የተዘጋው መንገድ፣ የጠፋው ኔትወርክ፣ እገታው፣ የጤፍ ዋጋው። ስለ አስተውሎትና ስለ ርኅራኄ ማውራት ከጀመርኩ ወዲህ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ የሚያነሱልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን እናገራለሁ።

አስተውሎት የምትሉት ምንድን ነው?

አሁን እየሆነ ያለውን ነገር፣ እየሆነ ሳለ ማወቅ ነው። በቃ። ትንፋሼ እየገባ ነው። ትከሻዬ ተወጥሯል። ተናድጃለሁ። ያወቁትን ነገር ደግሞ ወዲያው «ጥሩ ነው»፣ «መጥፎ ነው» ብሎ ከመፍረድ ትንሽ መቆየት። ከተማው ውስጥ ያሉ ወጣቶች ማይንድፉልነስ ይሉታል።

ወደ ሕክምና ያስገባው ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በፈረንጆቹ 1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ዛሬ የ8 ሳምንት የሆነውን ሥልጠና ጀመረ። ወደ እሱ ይላኩ የነበሩት ብዙዎቹ የማይለቅ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉትን ያህል ያልረዳቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን የማነሳው «ይሄ እኮ ለደላው ሰው ነው» የሚሉኝ ስላሉ ነው። ሲጀመርም ለደላው ሰው አልነበረም። (1979 ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባበት ዓመት ነው። ሁለቱ ምንም አያገናኛቸውም፤ እኔ ግን ዓመቱን የምይዘው በዚህ ነው።)

ርኅራኄ ሁለተኛው ግማሽ ነው። የሚያመውን ሰው አይቶ ሕመሙ እንዲቀልለት መፈለግ። የሚያመው ሰው እናንተ ራሳችሁ ብትሆኑም።

ይሄ የቡድሃ ሃይማኖት አይደለም ወይ? ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?

ሥሩ ከቡድሂስቶች የማሰላሰል ልማድ ነው። አልደብቀውም። ካባት-ዚን ሆስፒታል ሲያስገባው ግን ሃይማኖቱን ለይቶ ትቶ ነው። የሚመለክ የለበትም፣ የሚጠራ ስም የለበትም፣ የሚሰገድለት የለበትም። የራስን ትንፋሽና የራስን ሐሳብ መመልከት ብቻ ነው።

ጸሎት ሌላ ነው። ጸሎት ሰሚ አለው። ትንፋሽ ማስተዋል ሰሚ የለውም፣ የትኩረት ልምምድ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም፤ ለሁለቱም ክብር አይሆንም።

ትኩረትን መሰብሰብ ግን ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የምትል እናት ሐሳቧ ወደ ጓዳ ሲሄድ ትመልሰዋለች። አዲስ ዓለም ሰፈር ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ «ሱብሃነላህ» የሚሉት አባትም እንደዚያው። የአቋቋም ተማሪ ጽናጽሉንና መቋሚያውን ይዞ ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ያለው ሁሉ ወዲያው ያውቅበታል። ጸሎት ከመጀመራቸው በፊት ጥቂት ትንፋሽ የሚወስዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ልባቸው ቶሎ ይሰበሰባል። አሁንም የሚከብዳችሁ ከሆነ ንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ጠይቁ። እኔን ከመጠየቅ ይሻላል።

ቁጭ ብዬ ስሞክር ሐሳቤ ይሮጣል። አልቻልኩበትም ማለት ነው?

አይደለም። የሁሉም ሰው ሐሳብ ይሮጣል። በሬው ከትልሙ ሲወጣ ገበሬው ይመልሰዋል እንጂ «ዛሬ ማረስ አልቻልኩም» ብሎ ቤቱ አይገባም። ልምምዱ ያለው መመለሱ ላይ ነው። ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከመለሳችሁት ጥሩ ሠርታችኋል። ስትመልሱት ግን ሳትሳደቡ።

በምን ልጀምር?

በትንፋሽ። ወንበር ላይ ወይም ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ እግር መሬት ይንካ። በአፍንጫ አስገቡ። ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ ከገባበት ረዘም ብሎ ይውጣ። በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ገደማ ከደረሳችሁ በቂ ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ ግን አትጨናነቁ። ለ3 ደቂቃ። ትንፋሽ ስናስወጣ የልብ ምት በመጠኑ ዝግ ይላል፤ ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ተነስቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ረጅም ትንፋሽ ማስወጣት ለሰውነት «አደጋው አልፏል» ብሎ የመንገር ያህል ነው።

ቁጭ ማለት የማይሆንላችሁ ደግሞ የምትሠሩትን ሥራ ተጠቀሙ። ቡና ስትቆሉ ስልኩን ወዲያ አድርጉና ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ ሲቀየር እዩት፣ ሲንጣጣ ስሙት፣ ጭሱን አሽትቱ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስትመጡ፣ ለአንድ ፌርማታ ያህል ብቻ፣ በመስኮት የምታዩትን እዩ፤ ስለ ነገ አታስቡ። ከአንድ ፌርማታ በኋላ ወደ ጭንቀታችሁ መመለስ መብታችሁ ነው።

ለእኔ የሚመቸኝ ቦታ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ብዙ ናቸው፤ ጎብኚው ቀና ብሎ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። አንዱን ፊት መርጣችሁ እሱ ላይ ቆዩ። ቅንድቡን፣ ዓይኑ የሚያይበትን አቅጣጫ፣ ቀለሙ የደበዘዘበትን እዩ። ዓይናችሁ ወደሌላው ፊት መሄድ ይፈልጋል። መልሱት። ይኸው ነው ልምምዱ፣ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። አንገት ያማል እንጂ።

ሌሊት ተኩስ ሲሰማ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። ያኔ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደህንነት። ከመስኮት ራቁ። ልጆቹን ወደ ውስጠኛው ክፍል ውሰዱ፣ ዝቅ በሉ። አደጋው እያለ ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽ መቁጠር የሚባል ነገር የለም። ያኔ ፍርሃታችሁ ሥራውን እየሠራ ነው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ፈሪ ስለሆናችሁ የመጣ አይደለም። ጎንደር ላይ «ፈራሁ» ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ለወንድ። ሰውነት ግን ፉከራ አይሰማም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ተኩሱ ካቆመ በኋላ ነው። ውጭው ጸጥ ብሏል፤ ሰውነቱ ግን ማቆሙን አልሰማም። በር ሲንኳኳ ይዘላል። የባጃጅ ጭስ ማውጫ ሲፈነዳ መሬት ይፈልጋል። ያኔ ይህን ሞክሩ።

ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ጫን አድርጉ። ግድግዳውን ወይም ወንበሩን በእጃችሁ ዳሱ፤ ቀዝቃዛ ነው? ሻካራ ነው? በዓይናችሁ 5 ነገር ፈልጉና ስማቸውን ጥሩ፦ ጀበና፣ ጫማ፣ ጋቢ፣ መብራት፣ በር። የምትሰሙትን ስሙ። ውሃ ጠጡና ጉሮሯችሁን ሲያልፍ ተከታተሉት። ከዚያ ለራሳችሁ በድምፅ ተናገሩ፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቤቴ ነኝ። ልጆቼ ተኝተዋል። አሁን ጸጥ ብሏል።» ውሸት አትናገሩ። «ከእንግዲህ ምንም አይመጣም» አትበሉ፤ አታውቁትምና ልባችሁ አያምናችሁም። አሁን እውነት የሆነውን ብቻ ተናገሩ። ፍርሃቱ ወዲያው አይጠፋም፤ እናንተን ይዞ መሄዱ ግን ይቀንሳል።

ሌላው ስልኩ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ሁላችንም ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ እንወድቃለን። «ሰበር»፣ «አሳዛኝ»፣ «ሼር አድርጉ»። አንድ ሰዓት ሙሉ አይተን የምናውቀው ነገር አይጨምርም፤ የሚጨምረው መንቀጥቀጡ ነው። ዜና ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይበቃል፤ ከመኝታ በፊት ግን አይሆንም። መንገድ ክፍት መሆኑን ማወቅ ካስፈለጋችሁ መናኸሪያ ያለ ሹፌር ጋ ደውሉ፤ ከፌስቡክ የተሻለ ያውቃል።

የኔ ችግር ገንዘብ ነው። ትንፋሽ ሽሮ ይሆናል?

አይሆንም። «ችግርህ አመለካከትህ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። የቤት ኪራይ የቤት ኪራይ ነው።

ችግሩ ሳይፈታ ጭንቀቱን ማቅለል ይቻላል ወይ ከተባለ ግን መልሱ አዎ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ሰፈር ባሉ ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ በፈረንጆቹ 2020 ነው የወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን 5 ክፍለ ጊዜ ያለው ሥልጠና በቡድን ሆነው፣ በድምፅ ተቀድቶ ተከታተሉ። ከላይ የነገርኳችሁ ወደ አሁን የመመለስ ልምምድም፣ ለራስ ደግ መሆንም ውስጡ አሉ። ሥልጠናው ጦርነቱን አላቆመም፣ አገራቸውም አልመለሳቸውም። ከ3 ወር በኋላ ሲጠየቁ ግን ሥልጠናውን ካላገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ነበር። እኛ ከእነሱ የምንለይበት ነገር ብዙ አይደለም፤ አንዳንዶቻችን ጭራሽ አንለይም።

በተግባር የምላችሁ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅታችሁ ስለ ዕዳ ስታስቡ፣ ያ ሰዓት ለሒሳብ አይሆንም። በዚያ ሰዓት የተሰላ ሒሳብ ሁሉ ኪሳራ ነው። «ስለ ዕዳው እያሰብኩ ነው» በሉ፣ እንደምታስቡ እወቁት። ነገ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር ካለ (እቁብ ሰብሳቢውን ማናገር፣ አከራይዋን ጊዜ መጠየቅ) ወረቀት ላይ ጻፉትና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። የሚደረግ ነገር ከሌለም የሌለ መሆኑን ማወቅ ያሳርፋል፣ ትንሽ።

ለራስ መራራት ራስን ማሞላቀቅ አይሆንም? እኛ እኮ የአርበኛ ልጆች ነን።

ይህን ከወንዶች ነው አብዝቼ የምሰማው። ሴቶቹ በሌላ መልክ ይጠይቁታል፦ «ለሌላው ሳልጨርስ ለራሴ?»

እስኪ ጓደኛችሁ ከሰረ እንበል። ቅዳሜ ገበያ የነበረችው ሱቁ ተዘጋች። ምን ትሉታላችሁ? «አይዞህ። ጊዜው ነው እንጂ አንተ ምን አጠፋህ። ስንቱ ከስሮ ተነስቷል።» ሻይ ትጋብዙታላችሁ፣ ካላችሁ ታበድሩታላችሁ። ራሳችሁ የከሰራችሁ ዕለትስ? «ድሮም አንተ አይሆንልህም። ሰው መሆን ያቃተህ።» ይህን ለጓደኛችሁ ብትናገሩት ሽማግሌ ይገባ ነበር።

ክሪስቲን ኔፍ የምትባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2003 ጉዳዩን በሦስት ከፍላ አሳየች። አንደኛ፣ የሚያም መሆኑን ሳይደብቁም ሳያጋንኑም ማወቅ። ሁለተኛ፣ ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ማስታወስ። ሦስተኛ፣ ራስን በደግ ቃል ማናገር። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ሕመም አይደበቅም፤ ይለቀሳል፣ ደረት ይደቃል። «ሞት ያልገባበት ቤት የለም» ይባላል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሦስቱም እዚያ አሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ። እኛን የሚጎድለን እውቀቱ አይደለም። ለሰው የምናደርገውን ለራሳችን ስንሆን እንከለክላለን።

ስለ መሞላቀቁ፣ በፈረንጆቹ 2012 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የወጣ ጥናት አለ። ተማሪዎች ከባድ ፈተና ተሰጥቷቸው ካቃታቸው በኋላ፣ ከፊሎቹ ለራሳቸው እንዲራሩ ተደረገ። ለሁለተኛው ፈተና ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት እነሱ ነበሩ። ራሱን የሚሰድብ ሰው ስህተቱን ማየት ያመዋል፣ ስለዚህ ይሸሸዋል። «አይዞህ» የተባለ ሰው ግን ተመልሶ ደብተሩን መክፈት ይችላል።

እንዴት ይሠራል? ሲብስባችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ስማችሁን ጠርታችሁ «አይዞሽ፣ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ» በሉ። መጀመሪያ ያሳፍራል። ሰው በሌለበት አድርጉታ።

«ለሌላው ሳልጨርስ ለራሴ?» ላላችሁት ደግሞ፦ ለሌላው መቼም አይጨረስም። እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ለራሳችሁም ተቀመጡ።

ዘመዴን አግተው ገንዘብ ያስከፈሉን ሰዎች አሉ። ለእነሱም ልራራ?

አይጠበቅባችሁም። ርኅራኄ ማለት በደልን መሸፈን አይደለም፣ ፍትሕ መተውም አይደለም። ይቅርታ የራሱ መንገድ አለው፤ ማንም ቀን ሊቆርጥላችሁ አይችልም፣ ሽማግሌም ቢሆን። መጀመሪያ ርኅራኄ የሚገባው የተጎዳው ነው፦ የታገተው ሰው፣ እናቱ፣ ብሩን ለማግኘት ከብት የሸጠው ወንድሙ፣ እናንተ።

ቁጣውን በተመለከተ አስተውሎት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቁጣ ሲነሳ የት እንደሚሰማችሁ እዩ። መንጋጋ? ጡጫ? «ተቆጥቻለሁ፣ ምክንያትም አለኝ» በሉ። ቁጣው እውነት ነው። በቁጣው ጊዜ የሚነገረውና የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ቤት ባሉት ላይ ነው፣ በሚስት፣ በልጅ። ያጠፉት እነሱ አይደሉም።

ነርስ ነኝ። ቤቴ ደግሞ የተፈናቀሉ ዘመዶች አሉ። የሰው መከራ መስማት አቃተኝ፣ ልቤ ደነዘዘ። ክፉ ሆንኩ?

ክፉ አልሆንሽም፣ እህቴ። ደክሞሻል።

ታኒያ ዚንገር የተባለች ጀርመናዊት የአንጎል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይታለች። የሌላውን ሕመም እንደራስ ሕመም መሰማትና ለሌላው ርኅራኄ ማሳየት በአንጎል ውስጥ አንድ አይደሉም። ሰዎች የሌላውን ሕመም እንዲሰማቸው ብቻ ሲሠለጥኑ፣ የሚሰቃዩ ሰዎችን ፊልም ሲያዩ የባሰ ከፋቸው። ርኅራኄን፣ ማለትም ለዚያ ሰው መልካም መመኘትን ሲሠለጥኑ ግን በጎ ስሜት ጨመረ፣ ሥራ የሚጀምረውም የአንጎል ክፍል ሌላ ሆነ። የሚያደክምሽ ርኅራኄሽ ላይሆን ይችላል። የሁሉንም ሕመም አንድ በአንድ ወደ ራስሽ ማስገባትሽ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ታካሚውን ስትሰሚ አንድ ትንፋሽ ለራስሽ አስገቢ፣ አንዱን ደግሞ ለእሱ እየተመኘሽ አስወጪ። «ለእኔም፣ ለአንተም።» ማንም አያውቅብሽም። የሚያሳዝን ወሬ ሲነገርሽ እግርሽ መሬት ላይ መሆኑን እወቂ፤ ታሪኩ የእሱ ነው፣ አንቺ የምትሰሚው ነሽ።

ቤት ስላለው ደግሞ ትንፋሽ ብቻ አልመክርሽም። ዘመዶቹን አንቺ ብቻ ልትሸከሚ አትችይም። እድርሽ፣ ማኅበርሽ፣ ወንድምሽ የት አሉ? «በወር አንድ እሑድ የእኔ ብቻ ናት» ብለሽ ተናገሪ። ያለ ቁጣ መናገር ይቻላል፤ ዝም ብለሽ ቆይተሽ ስትፈነጂ ነው የሚከፋው።

ዓይኔን ስጨፍን ያየሁት ነገር ይመጣብኛል።

ከሆነ አትጨፍኑ። ይህ አስፈላጊ ነው። ከባድ ነገር ያዩ ሰዎች ዝም ብለው ወደ ውስጥ መመልከት ሊያባብስባቸው ይችላል። ዓይን ተከፍቶ፣ ቆሞ፣ እየተራመዱ መሥራት ይቻላል፤ ትኩረቱ ከውጭ ባለ ነገር ላይ ይሁን፦ ዛፍ፣ የወፍ ድምፅ፣ የመንገዱ ድንጋይ። ካባሰ አቁሙ። ማቆም ሽንፈት አይደለም። ምስሉ፣ ቅዠቱና መባነኑ ከወር በላይ ከቆየ ይህ ጽሑፍ አይበቃችሁም፣ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ለልጆችስ?

አጭር ይሁን፣ ጨዋታ ይሁን። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ትራስ አድርጉለት፣ በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ይቁጠር። ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ «ኡፍፍፍ» ይበል። ፍርሃቱን «ምንም አልተፈጠረም» ብላችሁ አትካዱት፤ ተኩሱን ሰምቷል። «ፈርተሃል፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ አሁን አብረን ነን» ይበልጣል። እናንተ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ እሱን «ተረጋጋ» ብትሉት ግን አይሠራም።

ፀበል እየተጠመቅኩ ነው። ሐኪም የሰጠኝ መድኃኒትም አለ። ይህን ከጀመርኩ መድኃኒቱን ልተው?

አትተዉ። የድብርትም ሆነ የሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ፣ ሌላ ችግርም ሊያመጣ ይችላል። መቀነስም መተውም ከሐኪሙ ጋር ነው። ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ይህን የሚናገሩ ካህናትም ሐኪሞችም አሉ።

አስተውሎትን ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ያዋሐደ የ8 ሳምንት ሕክምና አለ፤ ድብርት ተመላልሶ ለሚይዛቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ በሕክምና መመሪያ ይመከራል። የሚሰጠው ግን በሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ከዩቲዩብ አይደለም።

ለውጡ መቼ ይታያል?

ሥልጠናዎቹ 8 ሳምንት የሆኑት ያለምክንያት አይደለም። በቀን 5 ወይም 10 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ አንድ ሰዓት ይሻላል። መጀመሪያ የምታዩት ለውጥ መረጋጋት ላይሆን ይችላል፤ «ለካ ይህን ያህል ተጨንቄ ኖሯል!» ማለት ሊሆን ይችላል። ደግ ምልክት ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲቆይ። እንቅልፍና ምግብ ሲጠፋ፣ ወይም ሲበዛ። ሥራ መሥራት፣ ልጅ መንከባከብ ሲያቅት። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማ። አረቄው ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ተቋሙ በፈረንጆቹ 1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ከተማችን በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች ዕድለኛ ናት። በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። «እብድ ቤት ሄደ ይሉኛል» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። አብሯችሁ የሚሄድ አንድ ሰው ፈልጉ፣ ወረፋውም አብራችሁ ሆናችሁ ይቀላል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አይቆጠርም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህን የነገራችሁ ሌላ ሰው ከሆነ አትቆጡት፣ ኃጢአት ነው ብላችሁ ስብከት አትጀምሩ። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አያስገባም። ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ-ተባይ መድኃኒትና መሣሪያ ከእጁ አርቁ፣ ጎረቤት ቤትም ቢሆን ይደር።

እናቴ ይህን ሁሉ ነግሬያት «ቡናሽን ጠጪና ተኚ» አለችኝ። ልክ ናት?

ግማሹን ልክ ናት። ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት፣ የልብን ማውጣት፣ ሰው ፊት ሳይደብቁ ማልቀስ ብዙ ሰው አቁሟል። እናትሽ ከእኔ በፊት አውቃዋለች። ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ቡናውን ከቀትር በፊት ያድርገው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ ነው። ማታ 1 ሰዓት የጠጣሽው ሦስት ስኒ እኩለ ሌሊት ላይ አብሮሽ ነቅቶ ያድራል። ማታ የምትሰበሰቡ ከሆነ ላንቺ የጤና አዳም ሻይ ያፍሉልሽ፣ ወሬው አይቀርብሽም።